«ግሩም ነው፣ በርታ!» - ድረ ገጾቻችንን የጎዳው ምስጋና

ድረ ገጽ ሠርቶ ለወገኑ ያሳየ ኢትዮጵያዊ ከሁለት መልስ አንዱን ያገኛል። አንደኛው «ግሩም ነው፣ በርታ፣ እግዚአብሔር ይባርክህ!» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ይሄ ደግሞ ምኑ ድረ ገጽ ነው?» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ፊት ለፊት ይነገራል፤ ሁለተኛው ከጀርባ። በሁለቱም ውስጥ ግን ስለ ገጹ የተነገረ አንድም ነገር የለም። የቱ ጋ ተነቦ የቱ ጋ እንዳልተነበበ፣ አንባቢው ምን ፈልጎ ምን እንዳጣ የሚናገር የለም። ሠሪው ወይ ደስ ብሎት ወይ ተቀይሞ ይሄዳል፤ ገጹ እንደ ነበረ ይቀራል።

(በነገራችን ላይ «ድኅረ ገጽ» የሚሉ ወገኖች አሉ። «ድኅረ» ማለት «በኋላ» ስለሆነ «ከገጽ በኋላ» ማለት ይሆንባቸዋል። ነገሩ ከሸረሪት ድር ነው የመጣው፤ «ድረ ገጽ» ነው።)

«ታዲያ ይህ ምን አሳሳቢ ነገር ሆኖ ነው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። አገር በችግር ላይ እያለች ስለ ድረ ገጽ ፊደልና ቀለም መጻፍ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ልብ እንበል። በስደት ለምንኖር ሰዎች ዕድሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ የልጆቻችን የአማርኛ ትምህርት፣ መርዶው ሳይቀር ዛሬ የሚደርሰን በስልክ መስታወት በኩል ነው። በዚያ በኩል ካልተነበበ ያልተነገረ ያህል ነው።

የምኖረው ኮሎምበስ ኦሃዮ ውስጥ፣ ሂልቶፕ በሚባለው የከተማው ምዕራባዊ ሰፈር ነው። ሙያዬ ምህንድስና ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሄግ ጎዳና ላይ ባለው የሂልቶፕ ቤተ መጻሕፍት ፕሮግራሚንግ የሚማሩ ጥቂት የአገሬን ልጆች አገኛለሁ። አብዛኞቹ ሌሊቱን መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሡ ወይም አረጋውያን ሲንከባከቡ አድረው የሚመጡ ናቸው። ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ፣ ቀጥሎም ጃቫስክሪፕት ተምረው ሥራ መቀየር ይፈልጋሉ። የመጀመሪያ ገጻቸውን ሲጨርሱ «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ» ይሉኛል። የዚህ ጽሑፍ መነሻ እነሱ ናቸው።

በከተማችን ካሉት ዕድሮች የአንዱን ድረ ገጽ ልጥቀስ፤ ስሙ ይቅር። ከላይ ባንዲራ ይውለበለባል። ከሥር ማስታወቂያ አለ። ማስታወቂያው ግን ጽሑፍ አይደለም፤ በእጅ የተጻፈ ወረቀት በስልክ ፎቶ ተነሥቶ የተለጠፈ ሥዕል ነው። አንድ ቀን የቀብር ማስታወቂያ ወጣ። ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ዓይናቸው ስለ ደከመ የልጅ ልጃቸው ስልካቸውን ፊደል አጉልቶ እንዲያሳይ አስተካክሎላቸዋል። ስልኩ ግን የሚያጎላው ጽሑፍን እንጂ ሥዕልን አይደለም። ልጁ እዚህ የተወለደ ነው፤ የአማርኛ ፊደል አያነብም። ጽሑፍ ቢሆን ኖሮ ገልብጦ ለጉግል መተርጎሚያ ይሰጠው ነበር፤ አማርኛ እዚያ ከገባ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ነው። ከሥዕሉ ላይ የገባው ነገር ቁጥሩ ብቻ ነበር፤ 5። ለእሱ 5 ሰዓት ማለት ሰው ከሥራ የሚወጣበት ሰዓት ነው። ለጸሐፊው ግን የእኛው 5 ሰዓት፣ አሜሪካኖቹ 11 የሚሉት ረፋድ ነበር። እትዬ የ30 ዓመት ጓደኛቸውን ሳይቀብሩ ቀሩ።

ይህ ድረ ገጽ በዕድሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በጭብጨባ የተመረቀ ነው።

ሠሪውን ለመውቀስ አይደለም ይህን የማነሣው። ልጁ ከሥራ መልስ፣ በነጻ፣ እንቅልፉን ሠውቶ ነው የሠራው። የምወቅሰው ጭብጨባውን ነው። በአዳራሹ ከነበረው ሰው አንዱ እንኳ ስልኩን አውጥቶ፣ ገጹን ከፍቶ «እስቲ አንድ ማስታወቂያ ላንብብ» ብሎ ቢሞክር ኖሮ ነገሩ በዚያው ዕለት ይታወቅ ነበር። 600 ፊደል ያለው የቀብር ማስታወቂያ በዩኒኮድ ሲቀመጥ አንዱ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ ጠቅላላው ከ2 ሺህ ባይት በታች ነው። የዚያ ወረቀት ፎቶ 2 ሚሊዮን ባይት ነበር። ሺህ ጊዜ ከብዶ፣ የማይነበብ!

ጽሑፍን ሥዕል አድርጎ የመለጠፍ ልማድ ከየት መጣ? ታሪኩ እኛን ኮሎምበሶችን ይነካናል። ከሂልቶፕ ብዙ ሳይርቅ አፐር አርሊንግተን ላይ ዋና መሥሪያ ቤቱ የነበረው ኮምፒዩሰርቭ እ.ኤ.አ. በ1987 ጂፍ የሚባለውን የሥዕል ዓይነት አወጣ። ሥራውን የመራው ስቲቭ ዊልሃይት የተባለ መሐንዲስ ነበር። ድር ሲስፋፋ አማርኛ በኮምፒዩተር ላይ ገና የጋራ ሥርዓት አልነበረውም፤ ስለዚህ ጽሑፉን እንዳለ ጂፍ አድርጎ መለጠፍ አንዱ መላ ሆነ። ሌላው መላ የእኛን ፊደላት በላቲን ፊደላት ወንበር ላይ ማስቀመጥ ነበር። አንድ ባይት 256 ወንበር ብቻ ነው ያለው። የእኛ 33 ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ናቸው፤ እነ ሏ፣ ቋ፣ ጓ፣ በዚያ ላይ ቁጥሮቹና ነጠላ ሰረዝ ድርብ ሰረዙ ሲጨመሩ ወንበሩ አይበቃም። እያንዳንዱ የፎንት ሠሪ በየራሱ መንገድ አጣብቦ ደለደላቸው። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የዶሮ ጭረት ሆነ። «ይህን ጽሑፍ ለማንበብ መጀመሪያ ፎንቱን ያውርዱ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር የዚያ ዘመን አንባቢ ሁሉ ያስታውሰዋል።

ከዚህ ያወጡን ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ዶክተር አበራ ሞላ፣ ፍስሐ አጥላው፣ ዳንኤል ያዕቆብና ሌሎችም ለግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር ላይ ብዙ ደክመዋል። ማን ቀደመ የሚለውን ሙግት ለሌሎች ልተወው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝ ፊደላት እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቁጥር አገኙ። ዊንዶውስ ቪስታ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ሲቀርብ ኒያላ የተባለውን ፊደል ይዞ መጣ። ዛሬ ኖቶም አቢሲኒካም በነጻ ይገኛሉ፤ ስልኮቹም ፊደሉን ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሥዕል ለመለጠፍ በቂ ምክንያት ነበረ። ምክንያቱ ሄዶ ልማዱ ብቻ ቀረ።

የ2000ዎቹን የዳያስፖራ ድረ ገጾች ዛሬ የሚያፌዙባቸው ወጣቶች አጋጥመውኛል። አንድ መቶ ርዕስ አንዱ በአንዱ ላይ የተደረደረበት ፊት ገጽ፣ ብልጭ ድርግም የሚል «አዲስ!»፣ ሳይጠየቅ የሚጮኽ ሙዚቃ። ልክ ናቸው፣ አስቀያሚ ነበሩ። ግን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ብዙዎቹ አገር ቤት ታግደው እስከ 2018 ድረስ ሰው በጎን መንገድ ፈልጎ ያነባቸው ነበር። በቀርፋፋ መስመር፣ በእገዳ ውስጥ ሆኖ ገጽ ለሚከፍት አንባቢ ቀላል ገጽ ትልቅ ውለታ ነው። በዚያን ጊዜ «አስቀያሚ ነው» ከማለት ይልቅ «አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ይህን ጽሑፍ ለመክፈት ሩብ ሰዓት ፈጀባት፤ ሥዕሉን ብታነሣው ምን ይመስልሃል?» ያላቸው ሰው ቢኖር ኖሮ ስንቱ በተሻሻለ። ልዩነቱ ይታያችሁ። የመጀመሪያው ፍርድ ነው። ሁለተኛው ወሬ ነው፤ ምን ሊሆን ተፈልጎ ምን እንደሆነ የሚያወራ።

ችግሩ በእኛ ዘንድ «ሂስ» የሚለው ቃል ስሙ መጥፋቱ ነው። በደርግ ዘመን «ሂስና ግለ ሂስ»፣ በኢሕአዴግ ዘመን «ግምገማ» የተባለው ነገር ብዙ ሰው የሚያውቀው ሰውን በሰው ፊት ማዋረጃ ሆኖ ነው። ስለዚህ ጨዋ የሆነ ሰው ሂስ አይሰጥም፤ ይሉኝታ ይይዘዋል። ሂስ የሚሰጠው ሰው ደግሞ ጨዋ መሆኑን ይተወዋል። በሁለቱ መካከል ጀማሪው ሜዳ ላይ ይቀራል።

ከዚያ በፊት ግን ሌላ ሥርዓት ነበረን፤ አሁንም አለ። ዋሸራን፣ ጎንጅን የመሳሰሉትን የጎጃም ቅኔ ቤቶች አስቡ። ተማሪው ቅኔውን ሲቆጥር ይውልና ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ እየሰሙ ያርማሉ። እዚህ ጋ ቤቱ አልመታም፣ እዚህ ጋ ሰሙ ወርቁን አልተሸከመም ይላሉ። ይቆጡ ይሆናል፤ ቁጣው ግን ስለ ቅኔው ነው። ደግሞም ጀማሪ ሁለት ቤት ባላት በጉባኤ ቃና ይጀምራል እንጂ በመጀመሪያው ቀን ስምንት ቤቱን መወድስ ቁጠር አይባልም። ሲሳካለት ደግሞ «ይበል!» ይባላል። የ«ይበል» ዋጋ ግን ከእርማቱ ነው የሚመጣው። እርማት በሌለበት ቤት «ይበል» ባዶ ድምፅ ነው።

ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ልመለስ። አንዲት ልጅ እናቷ እንጀራ ለሱቆችና ለቤተሰቦች ለሚያቀርቡበት አነስተኛ ንግድ ገጽ ሠራች። የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። ከላይ አራት የእንጀራ ሥዕል እየተፈራረቀ ያልፋል። ጽሑፉ አረንጓዴ መደብ ላይ በቀይ የተጻፈ ነው። «ጋሼ፣ አያምርም?» አለችኝ። አንድ መሐንዲስ ወዳጄ ቀደም ብሎ አይቶት ኖሮ «ለምን ሪአክት አልተጠቀምሽም?» ብሏታል። ይህ አስተያየት አይደለም፤ ዕውቀት ማሳያ ነው። ጉባኤ ቃና ያመጣችን ልጅ «መወድስ የት አለ?» ማለት ነው። የአንድ ገጽ የእንጀራ ማስታወቂያ ሪአክት ምን ይሠራለታል?

እኔ ስለ ውበቱ አልመለስኩላትም። ስልኬን አወጣሁና «20 እንጀራ ላዝዝ ነው፤ አንቺ ዝም ብለሽ እይ» አልኳት። ገጹን ከፈትኩ። ሥዕሎቹ እስኪመጡ ጠበቅን። ወደ ታች ሳብኩ፣ ሳብኩ። የስልኩ ቁጥር መጨረሻ ላይ፣ ሥዕል ውስጥ ተጽፎ ተገኘ። ብነካው አይደውልም። ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ መደወል ሊኖርብኝ ነው። ልጅቷ ከት ብላ ሳቀችና «ሰው እንጀራ ሊገዛ መጥቶ ሲኒማ ነው የማሳየው ማለት ነው!» አለች። ቁጥሩን ከላይ አወጣችው፣ ሲነኩት የሚደውል ማያያዣ አደረገችው። አንድ መስመር ኤችቲኤምኤል ነው፤ አሥር ደቂቃ አልፈጀባትም።

ስለ ቀለሙ የነገርኳት በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። በአንድ ቀን 20 እንከን ብትሰማ 21ኛው ተስፋ መቁረጥ ይሆናል። ስለ ቀለም «አልወደድኩትም» ማለት አያስፈልግም፤ መለኪያ አለው። በዓለም አቀፉ የድር ተደራሽነት መመሪያ መሠረት የመደበኛ ጽሑፍና የመደቡ የብርሃን ንጽጽር ቢያንስ 4.5 ለ1 መሆን አለበት። እሷ በመረጠችው አረንጓዴ ላይ ደማቅ ቀይ ሲጻፍ 1.3 ገደማ ነው። ነጭ ላይ ደማቅ ቢጫ ደግሞ 1.07 ነው፤ አልተጻፈም ማለት ይቀላል። ቀይና አረንጓዴ መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች መኖራቸውም አይረሳ። ባንዲራችንን እንወዳለን፤ ሆኖም ባንዲራ ለመስቀል እንጂ በላዩ ላይ ለመጻፍ አልተሠራም። ከላይ ጠበብ ያለ ጥለት አድርጋ አስቀመጠችው፤ ጽሑፉ ነጭ ላይ ጥቁር ሆነ። ነጠላ መሰለ።

ከእንግሊዝኛ ገጽ ተቀድቶ የሚመጣ ስሕተትም አለ፤ ለጀማሪ በጊዜ መንገር ያለብን። የእኛ ፊደል ልዩነቱ በጥቃቅን ቅጥያ ነው። ጠ እና ጡ፣ ቀ እና ቁ በትንሽ መጠን ሲጻፉ አንድ ይሆናሉ። ለላቲን የሚበቃው መጠን ለእኛ አይበቃም፤ በመስመሮች መካከልም ሰፋ ያለ ቦታ ያስፈልጋል። የተጋደመ ፊደል ደግሞ ለግዕዝ የሌለ ነገር ነው፤ ሲኤስኤስ ላይ ካዘዝነው ብራውዘሩ ቆሞ የነበረውን ፊደል ገፍቶ ይጥለዋል። ማድመቅም እንዲሁ የተደመቀ ቅርጽ የሌለውን ፎንት ያወፍረውና የፊደሉን ዓይን ይደፍነዋል። ለዚህ ሁሉ «ፎንቱ ያስጠላል» ብሎ ማለፍ ይቻላል። «ስምሽን ጡሩ ብዬ ልጠራሽ ነበር፤ ለካስ ጠሩ ነው» ማለት ግን የት ጋ እንደሚነካ ያሳያታል።

ፕሮግራሙ ላይ የሚሰጥ አስተያየትም በዚሁ መንገድ ቢሆን ይሻላል። አንድ ልጅ ለዕድር አባላት ዝርዝር በጃቫስክሪፕት መፈለጊያ ሳጥን ሠራ። ኮዱ ንጹሕ ነው። እኔ «ሀይሌ» ብዬ ጻፍኩ፤ የለም አለኝ። ዝርዝሩ ላይ ግን አለ፣ «ኃይሌ» ተብሎ። አንዱን ድምፅ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ፣ በኃ እንጽፈዋለን። በአሜሪካን መጽሐፍ ፕሮግራሚንግ የተማረ ልጅ ይህን ሊያስበው አይችልም፤ መጽሐፉ አልነገረውም። መፍትሔውን ግን ራሱ አገኘው። ዩኒኮድ ፊደሎቻችንን ስምንት ስምንት አድርጎ በረድፍ ስለ ደረደራቸው፣ ከሐ ቤት ወደ ሀ ቤት ለመሄድ ከቁጥሩ 16 መቀነስ ይበቃል፤ ከኀ ወደ ሀ 128፣ ከዐ ወደ አ 48፣ ከፀ ወደ ጸ 8 መቀነስ፤ ከሠ ወደ ሰ ደግሞ 16 መደመር። ከዚያ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ መመለስ። ስሙንም ፍለጋውንም በዚህ አሳልፎ ማወዳደር ነው። 15 መስመር አይሞላም። ያን ዕለት «ይበል!» ያልኩት ከልቤ ነው።

ስለ ቅጾች ብዙ ማለት ይቻላል፤ ሁለቱን ብቻ። «የመጨረሻ ስም» ብሎ የሚጠይቅ ቅጽ ለእኛ ሰው ግራ ነው፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብሎ መጠየቅ ማንን ይጎዳል? ወራትን 12 ብቻ የሚዘረዝር ቅጽ ደግሞ ጳጉሜን ላይ የተወለደውን ሰው አያውቀውም። የዛሬ ብራውዘሮች የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር በጃቫስክሪፕት ማሳየት ይችላሉ፤ ጀማሪው ግን መኖሩን ካልነገሩት አይፈልገውም። ሰዓትን በተመለከተ የእትዬ ታሪክ ይበቃል፤ የቀብር ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ።

ተቺውን ብቻ ማንሣት ደግሞ አድልዎ ይሆናል። እኛ የኮምፒዩተር ሰዎች የምንወዳት አንዲት መልስ አለች፤ «እኔ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል» የምትባል። እውነት ነው፣ ይሠራል። እንጀራ የሚገዛው ሰው ግን አንተ ኮምፒዩተር ላይ አይደለም ያለው። አስተያየት ሲሰጣችሁ ከመከራከር በፊት «በየትኛው ስልክ ነው? ምን ሲነኩ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ግማሹ ሙግት እዚያው ያልቃል።

አንድ ጉዳይ ይቀረኛል። በ2000ዎቹ በየፎንቱ የተጻፉት የስደት መጣጥፎች፣ ግጥሞች፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤዎች በየሰው ኮምፒዩተር ውስጥ ሞተው ተቀምጠዋል። ቃላቸው አልጠፋም፤ የተቀመጡበት ወንበር ነው የተምታታው። የትኛው ኮድ የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ከተሠራ ወደ ዩኒኮድ ይመለሳሉ። ሰንጠረዡ ለጀማሪ ፕሮግራመር የሚሆን ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ፋይል ያላችሁ ሰዎች አትጣሉት፤ በምን ፎንት እንደተጻፈ ስሙን ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡት። የእንጀራዋ ልጅ አጎቷ እ.ኤ.አ. በ2003 የጻፉትን አንድ ረጅም መጣጥፍ ይዛ መጥታ ሁለት ቅዳሜ ሰንጠረዡን ስትሞላ ቆይታለች። ከየኮዱ ጎን ከድሮው ወረቀት እያየች ፊደሉን ታስገባለች። ባለፈው ሳምንት 19 ፊደል ቀርቷት ነበር። ወረቀቱ ደብዝዟል፤ ወደ መስኮቱ አስጠግታ «ጋሼ፣ ይሄ ጨ ነው ወይስ ጬ?» አለችኝ።